አንድ ግራም በአንድ ኪሎ ውስጥ

መቶ ኪሎ የዓሣ መኖ ተዘጋጅቶ ወለሉ ላይ ተከምሯል እንበል። እዚህ ክምር ውስጥ መግባት ያለበት፣ ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘው ዱቄት መቶ ግራም ብቻ ነው፤ በሁለት እፍኝ ያልቃል። ይህ ጥቂት ዱቄት ግን ለእያንዳንዷ የመኖ እንክብል መድረስ አለበት። አንዱ ጥግ ላይ በዝቶ ሌላው ጥግ ላይ ከጎደለ፣ ከዓሦቹ ከፊሉ ከሚገባው በላይ ሲያገኝ ከፊሉ ምንም ሳይደርሰው ይውላል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዱቄቱን ክምሩ ላይ በትኖ በአካፋ አያገላብጥም። አንድ ኪሎ የላመ ፉርሽካ ለብቻው ይመዝንና መቶ ግራሙን ከእሱ ጋር በእጁ እያሸ፣ በወንፊት እየነፋ፣ ደግሞ እያሸ ያዋህደዋል። ቀለሙ አንድ ዓይነት ሲሆን ያንን አንድ ኪሎ ከአሥር ኪሎ ጋር ይቀላቅለዋል። አሥሩም በደንብ ሲዋሐድ ከቀረው ክምር ጋር ይገናኛል። በየደረጃው አይቸኩልም። ሥራው በትክክል ከተሠራ ክምሩ ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር ቢዘገን ልዩነት አይገኝበትም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዱቄቱ በእያንዳንዱ ግራም አሥር ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ከያዘ፣ ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ አንድ ግራም መኖ አሥር ሚሊዮን ያህሉን ይደርሰዋል። በዓሣ እርባታ ምርምር ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መጠንም በዚሁ ዙሪያ ነው። ስሌቱን ወረቀት ላይ መሥራት የደቂቃ ጉዳይ ነው፤ በዓይን የማይታይን ነገር በእጅ እኩል ማካፈል ግን ሙያ ነው። ስለ ፕሮባዮቲክ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያነሣው ባክቴሪያውን ነው፤ እኔ ከባክቴሪያው እኩል የማደንቀው ባክቴሪያውን በሕይወት እስከ ዓሣው አፍ የሚያደርሰውን እጅ ነው። የዱቄቱ ዋጋ የሚጸናው ወይም የሚጠፋው በዚያ እጅ ነውና።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ትርጓሜ፣ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲሰጥ ለተቀባዩ የጤና ጥቅም የሚያስገኝ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለሙያውን የሚይዙት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ሕያው» እና «በቂ»። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ፋብሪካው የቆጠረው ነው። ዱቄቱ መንገድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ፣ በክሎሪን ውኃ ተበጥብጦ፣ በጋለ ማሽን ውስጥ አልፎ ከሞተ፣ ለዓሣው የቀረበለት ውድ አቧራ ነው።

ሕያው ባክቴሪያ ያለበትን መኖ የማዘጋጀት ሥራ ለነቀምቴና ለሌሎች የወለጋ ከተሞች በጣም የሚስማማ ሆኖ ይታየኛል። ለዓሣ መኖ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እዚያው በዙሪያው ይገኛል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ ሰው ባኮን ያልፋል፤ የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀውን ቢኤች 660 የተባለ ድቅል በቆሎ ጨምሮ ለአገሪቱ ገበሬ ስመ ጥር የበቆሎ ዘሮችን ያበረከተ ቦታ ነው። ወለጋ የኑግ አገር ነው፤ ዘይቱ ሲጨመቅ ፋጉሎው ይቀራል። አኩሪ አተር በምዕራቡ ቆላ ይበቅላል። በሆሮ ጉዱሩ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ አለው፤ ሞላሰስ ደግሞ ባክቴሪያ ለማራባት ተመራጭና ርካሽ ከሆኑ ምግቦች አንዱ ነው። የጮመን ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1973 በፊንጫ ግድብ ምክንያት ሐይቅ ከሆነ ወዲህም አካባቢው ዓሣን በደንብ ያውቃል፤ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከዚያ ውኃ እየወጣ ገበያ ይደርሳል።

አስቸጋሪው ነገር ከፍታው ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዝናብ የሚበዛባት ደጋማ ከተማ ናት። ቆሮሶ ደግሞ ሙቀት ይወዳል። የውኃው ሙቀት ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን በደንብ ይበላል፣ ያድጋል፤ ከ20 ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ወደ 16 ሲጠጋ መብላት ያቆማል። ከዚህ ጋር በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃው ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ወደ ዲዴሳና ወደ አንገር ሸለቆ ሲወረድ ነገሩ ይለሰልሳል፤ ውኃው ይሞቃል፤ ዓሣውም ይፈጥናል። ደጋ ላይ ኩሬ የያዘ ሰው ግን ዓሣው በዓመቱ ውስጥ ብዙ ቀን ብርድ እንደሚያስጨንቀው ማወቅ አለበት። የተጨነቀ ዓሣ ደግሞ መከላከያው ይላላል፤ ኤሮሞናስን የመሰሉ፣ ኩሬው ውስጥ ሁልጊዜም ያሉ ባክቴሪያዎች ያኔ ቆዳውንና አንጀቱን ያጠቃሉ። የአንጀት ጤና ለደጋ ዓሣ አርቢ ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ባክቴሪያው እስከ አንጀት ለመድረስ ማለፍ ያለበት ከባድ በር አለ፤ የቆሮሶ ጨጓራ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ሞሪያርቲ የተባለ ተመራማሪ በኡጋንዳ ጆርጅ ሐይቅ የሚኖረውን ቆሮሶ አጥንቶ፣ ይህ ዓሣ ሌሎች ብዙ ዓሦች ሊፈጩት የማይችሉትን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ እንዴት እንደሚመገብ አሳየ። ምሥጢሩ የጨጓራው አሲድ ነው። የአሲድነቱ መጠን እስከ ፒኤች 1.4 ድረስ ይወርዳል። ይህ አሲድ የአልጌውን ግድግዳ ያፈርሳል፤ ቀሪውን አንጀቱ ይጨርሰዋል። አንጀቱም ከራሱ ከዓሣው ቁመት ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ እንደ ምንጭ ሽቦ ተጠቅልሎ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። አልጌን የሚያፈርስ አሲድ ለባክቴሪያም ምሕረት የለውም። ስለዚህ ለቆሮሶ የሚመረጠው ባክቴሪያ ይህን በር በሕይወት የሚያልፍ ሊሆን ይገባል።

ሞሪያርቲ ቆይቶ ራሱ ወደ ፕሮባዮቲክ ምርምር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ በኢንዶኔዥያ ሽሪምፕ ከሚያረቡ እርሻዎች ባሲለስ የተባለውን ባክቴሪያ የሚጠቀሙትንና የማይጠቀሙትን አነጻጸረ። በማይጠቀሙት ኩሬዎች ሽሪምፖቹ 80 ቀን ሳይሞላቸው ቪብሪዮ የተባለ ባክቴሪያ ባመጣው በሽታ አለቁ፤ በሚጠቀሙት ከ160 ቀን በላይ ቆይተው ደረሱ። ከእሱ በፊት ኮዛሳ የተባለ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1986 የባሲለስን ስፖር (ተኝቶ የሚቆይ ቅርጹን) ለዓሣ በመኖ መስጠት እንደሚቻል ጽፎ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ እድገት ለማፋጠን ሲባል አንቲባዮቲክን በመኖ ውስጥ መጨመር ሲከለክል ደግሞ፣ ዓይኑን ወደዚህ መስክ ያዞረው ሰው በዛ። አንቲባዮቲክ ጥሩውንም መጥፎውንም አብሮ ይገድላል፤ የተረፉትን መጥፎዎች ደግሞ መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋል። ፕሮባዮቲክ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው፤ ጥሩውን ቀድሞ ቦታ ያስይዛል።

ባሲለስ ለምን ተመረጠ? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባ የተፈጥሮ ጥበብ አለ። ባሲለስ ሰብቲሊስ ምግብ ሲያልቅበት እንደ ሌሎቹ ተርቦ አይሞትም። ራሱን ለሁለት ይከፍላል፤ ግን እኩል አይደለም፤ አንዱ ክፍል ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ነው። ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል። ከዚያ የመጨረሻ ጉልበቱን ሁሉ በሆዱ የያዘውን በመጠበቅ ላይ ያውለዋል። ውስጡን ያደርቀዋል፤ በውኃው ቦታ ካልሲየም ከዲፒኮሊኒክ አሲድ ጋር ተጣምሮ ይከማቻል። ዘረመሉን በትናንሽ ፕሮቲኖች ይሸፍነዋል። ከውጭ በኩል ወፍራም ቅርፊት ያለብሰዋል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ከብዙ ዓይነት ፕሮቲኖች የተሠራ፣ በላይ በላዩ የተደራረበ ካባ ይደርባል። በሰዓታት ውስጥ ሥራው ያልቃል፤ እናቲቱ ሕዋስ ትፈርሳለች፤ የተጠበቀው ትንሹ ክፍል፣ ስፖሩ፣ ብቻውን ይወጣል። ርዝመቱ ከአንድ ሺሕኛ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይራባም። ሙቀት ይችላል፤ ድርቀት ይችላል፤ አሲድ ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ከእንቅልፉ አነቃቁ ነው። ካባው ስር ያሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች አላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ፣ አንዳንድ ስኳርንም ይለያሉ። እነዚህ ነገሮች በዙሪያው አሉ ማለት ምግብ አለ ማለት ነው። ያኔ ስፖሩ ያከማቸውን ካልሲየም ይለቅቃል፤ ውኃ ያስገባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ እንቅልፉን ጨርሶ ወደ ሕይወት ይመለሳል። ከረጢት ውስጥ ወራት ያሳለፈ ስፖር የዓሣው አንጀት ውስጥ ሲደርስ የሚነቃው እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእጁ የገባለት መኖ ሠሪ በበኩሉ ይህን ያህል መጠንቀቅ አለበት።

የመኖ ሠሪው ሙያ የሚጀምረው ከወፍጮ ነው። በቆሎውና ፋጉሎው ደቅቆ መፈጨት አለበት፤ ጎርበጥ ያለ ፍሬ ካለበት እንክብሉ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል፤ ውኃ ውስጥም ቶሎ ይበተናል። አኩሪ አተር በጥሬው አይገባም፤ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው መጀመሪያ ይቆላል። አቆላሉም ልክ አለው፤ ከበሰለ በኋላ እንዳያር ቶሎ ይወርዳል፤ ያረረ ፕሮቲን ለዓሣው አይጠቅመውም። ኑግ ፋጉሎ ሲገዛ ይሸተታል፣ ይሰበራል፣ መሐሉ ይታያል። በዝናባማ አገር ፋጉሎ ሻጋታ ይወዳል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን ደግሞ ጉበት ይጎዳል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረገ ጥናት ለአፍላቶክሲን ዋነኛ ምክንያት ሆኖ ያገኘው ይህንኑ ኑግ ፋጉሎ ነው። የተበላሸ ፋጉሎ ውስጥ ጥሩ ባክቴሪያ መጨመር ጥፋትን መሸፈን ነው፤ ባለሙያ አያደርገውም።

የፕሮቲኑ መጠን እንደ ዓሣው ዕድሜ ይለያያል። የዓሣ ጫጩት ከመቶ ከ35 በላይ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ከፍ ያለው በ30 አካባቢ ይበቃዋል። ዱቄቱ ከተመጣጠነ በኋላ ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ የበቆሎ ወይም የስንዴ ዱቄት በፈላ ውኃ ተገንፍቶ ሊጡን ይይዛል። ሊጡ እጅ ላይ ሲጨበጥ ቅርጹን መያዝ አለበት፣ ሲላቀቅ ደግሞ መዳፍ ላይ መቅረት የለበትም። ከዚያ በሥጋ መፍጫ ማሽን፣ ቀዳዳው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር በሆነ የብረት ሳህን ያልፋል፤ ገመድ እየመሰለ ይወርዳል። በጥላ ሥር በሽቦ ወንፊት ላይ ተዘርግቶ ነፋስ ከላይም ከታችም እያገኘው ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ መኖ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ቫይታሚኑን ያጣል፤ ከውጭ ደርቆ ከውስጥም እርጥብ ሊቀር ይችላል፤ ያ እርጥበት በኋላ ሻጋታ ያመጣል። ደህና የደረቀ እንክብል በጣት ሲሰበር ይጮኻል።

ባክቴሪያው መቼ ይገባል የሚለው እዚህ ላይ ይወሰናል። ስፖር ከሆነ ከሊጡ በፊት ከዱቄቱ ጋር ቢደባለቅ ይችላል፤ የሥጋ መፍጫው ሙቀት አይጎዳውም። ላክቶባሲለስና ፔዲዮኮከስ የተባሉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ወይም እርሾ ከሆኑ ግን ካባ የላቸውም። እነሱ የሚገቡት መኖው ከደረቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ዱቄቱ ክሎሪን በሌለው ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ የቧንቧ ውኃ ከሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ ክሎሪኑም የወጣለት ይሆናል። በመርጫ ረቂቅ ጠብታ ሆኖ እንክብሉ ላይ ይወርዳል፤ ሌላኛው እጅ መኖውን ያገላብጣል። ብዙ ውኃ ከተረጨ እንክብሉ ይፈርሳል፤ ካነሰ ደግሞ ከጎን ያለው ሳያገኝ ይቀራል። መኖው ጠብታውን ከመጠጠ በኋላ ትንሽ ዘይት ይረጭበታል፤ ዘይቱ ባክቴሪያው ኩሬው ውስጥ ቶሎ እንዳይታጠብ ይከልለዋል። ከዚያ እንደገና በጥላ ይደርቃል።

ፈተናው ቀላል ነው፤ አንድ እንክብል በብርጭቆ ውኃ ውስጥ መጣል። ወዲያው ከደፈረሰና ከተበተነ ሥራው አንዱ ደረጃ ላይ ተበላሽቷል፤ ወይ አፈጫጩ፣ ወይ ማጣበቂያው፣ ወይ አደራረቁ። ቅርጹን ይዞ ደቂቃዎች ከቆየና ቀስ ብሎ ከለሰለሰ፣ ዓሣው ደርሶ ይወስደዋል። እዚህ ላይ የሚበተን መኖ ሁለት ጥፋት አለው፤ ባክቴሪያው ለዓሣው ሳይደርስ ውኃው ውስጥ ይቀራል፤ ያልተበላው መኖ ደግሞ ኩሬው ሥር በስብሶ አሞኒያ ይሆናል።

ለወለጋ ሰው ጥሩውን ረቂቅ ተሕዋስ መጠበቅ አዲስ ነገር አይደለም። የወተት ዕቃ የምታጥን እናት ይህን ሙያ ስትሠራው ኖራለች። ዕቃው በደንብ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ የወይራ እንጨት ፍም ተደርጎበት ይታጠናል፤ ጢሱ ከውስጥ እስኪሞላ ይታፈናል። ወተቱ ሲገባ የሚያረጋው ከባለፈው ወተት ግድግዳው ላይ የቀረው ጥቂት ነገር ነው። በሞቃት ቦታ በአንድ ሁለት ቀን፣ በደጋ ብርድ ግን ዘግይቶ ይረጋል። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ እርጎን በላቦራቶሪ ሲመረምሩ፣ የወይራው ጢስ ለሽታ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ የማይፈለጉትን ተሕዋስያን እድገት ያዘገያል። እናቲቱ የምትሠራው ይኸው ነው፤ መጥፎውን በጢስ ታዘገያለች፣ ጥሩውን በርዝራዥ ታስቀድማለች፣ ሙቀቱንም በዕቃው ቦታ ታስተካክላለች። ሦስቱም የመኖ ሠሪው ሥራዎች ናቸው።

ይህን ስል ግን እርጎ ወስዶ መኖ ላይ ማፍሰስ ይበቃል ማለቴ አይደለም። እርጎ ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አብሮ ይኖራል፤ ስንት እንደሆነና የትኛው እንደበዛ ከቀን ቀን ይለያያል። ለዓሣ የሚሰጠው ዝርያ ተለይቶ የታወቀ፣ በሽታ እንደማያመጣ የተረጋገጠ፣ አንቲባዮቲክን የመቋቋም ባሕርይ ለሌላው እንደማያስተላልፍ የተመረመረ መሆን አለበት። ከእናቲቱ የምንወስደው ጥንቃቄዋንና ቅደም ተከተሏን ነው፤ ዝርያውን መለየት የላቦራቶሪ ድርሻ ነው።

መኖው ተበልቶ ባክቴሪያው አንጀት ከደረሰ ምን ያደርጋል? ብዙ ነገር፣ ሁሉም በጥቂት በጥቂቱ። ባሲለስ ስታርችን፣ ፕሮቲንንና ስብን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ይለቅቃል፤ በቆሎና ፋጉሎ ለበዛበት መኖ ይህ ጥሩ እገዛ ነው። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አካባቢውን ኮምጠጥ ያደርጉታል፤ ብዙ በሽታ አምጪዎች ይህን አይወዱም። አንዳንዶቹ ሌላውን ባክቴሪያ የሚገድሉ ትናንሽ ፕሮቲኖችን ይሠራሉ። በአንጀቱ ግድግዳ ዝልግልግ ሽፋን ላይ ቦታ ይይዛሉ፤ ለጠላት የሚተርፍ ስፍራ ያንሳል። የዓሣውም የመከላከያ ሕዋሳት ይነቃቃሉ፤ በደሙ ውስጥ ላይሶዛይም የተባለው የመከላከያ ኢንዛይም ሥራ ከፍ እንደሚል ብዙ ሙከራዎች አሳይተዋል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ምግብ የሚመጥጡት የአንጀት እጥፋቶች ረዝመው የተገኙባቸው ሙከራዎችም አሉ።

ቆሮሶ ቀድሞውንም ከባክቴሪያ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ዓሣ ነው። ቫይታሚን ቢ12ን በመኖው ባያገኝም አይቸገርም፤ አንጀቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይሠሩለታል። ሴቶባክቴሪየም የተባለው ነዋሪ በዚህ ሥራው ይታወቃል። ስለዚህ ፕሮባዮቲክ ባዶ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ነዋሪዎች ያሉበት ቤት እንግዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ቋሚ ነዋሪ አይሆንም፤ መሰጠቱ ሲቆም ቁጥሩ እየቀነሰ ይወጣል። በየቀኑ ወይም በታወቀ ልዩነት መስጠት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ባክቴሪያው የሚሠራው በውኃው ሙቀት ልክ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ ዓሣ የራሱ ቋሚ የሰውነት ሙቀት የለውም። ነቀምቴ ላይ ጠዋት በማለዳ ለበረደው ኩሬ መኖ መበተን መኖውንም ባክቴሪያውንም ማባከን ነው። ፀሐይ ኩሬውን ካሞቀችው በኋላ፣ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ መመገብ ይሻላል።

የሚቀረው ማስረጃ ነው። መኖው ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ እንዳለ የሚታወቀው በመቁጠር ነው፤ አቆጣጠሩም ያ መቶ ግራም በመቶ ኪሎ ውስጥ የተዋሐደበትን መንገድ ይመስላል። አንድ ግራም መኖ በዘጠኝ ሚሊ ሊትር ንጹሕ የጨው ውኃ ውስጥ ይበጠበጣል፤ ከዚያ አንድ ሚሊ ሊትር ወደ ሌላ ዘጠኝ ይሄዳል፤ እንዲህ በአሥር በአሥር እየሳሳ ከመጀመሪያው ጋር አራት ጊዜ ይወርዳል። ከመጨረሻው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሊትር በባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ይቀባና ሌሊቱን በሞቃት ቦታ ያድራል። መኖው በግራም አሥር ሚሊዮን ከያዘ በማግስቱ ሳህኑ ላይ መቶ ያህል ነጠብጣብ ይበቅላል። ስፖር ብቻ ለመቁጠር ሲፈለግ ናሙናው አስቀድሞ በ80 ዲግሪ ለአሥር ደቂቃ ይሞቃል፤ ካባ የሌለው ሁሉ ይሞታል፣ ስፖሩ ይቀራል። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ ለማንኛውም የማይክሮባዮሎጂ ማስተማሪያ ክፍል የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች አሉት፤ ለአካባቢው መኖ ሠሪዎች ይህን ቆጠራ ቢሠራላቸው ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ኩሬው ላይ ያለው ማስረጃ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ ኩሬ ፕሮባዮቲክ ያለበትን መኖ፣ ሌላው ያለ ፕሮባዮቲክ ያንኑ መኖ ያገኛል። ጫጩቶቹ ከአንድ ቦታ የመጡ፣ ቁጥራቸውና አማካይ ክብደታቸው አንድ ዓይነት፣ ውኃው ከአንድ ምንጭ ይሆናል። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂቶቹ በመረብ ወጥተው ይመዘናሉ፤ የተበላው መኖ፣ የሞተው ዓሣ፣ የጠዋቱና የከሰዓቱ ሙቀት ይጻፋል። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ከሚዛኑ በፊት ያያል፤ ስንጥቡ ደም የመሰለ ቀይ ነው ወይስ ገርጥቷል፣ ክንፉ ተበጣጥሷል ወይስ ሙሉ ነው፣ መኖ ሲበተን ዘሎ ይመጣል ወይስ ጥግ ይዞ ይንሳፈፋል። ያም ሆኖ ውሳኔው ከመዝገቡ ይወጣል። ልዩነት ካልታየ አለመታየቱ ይጻፋል፤ መኖውን የሚገዛው ገበሬ ገንዘቡን ለማይሠራ ነገር እንዳያወጣ የሚጠብቀው ይህ ሐቀኝነት ነው።

ፕሮባዮቲክ የማይችለውም አለ። የቆሸሸ ኩሬ አያጸዳም፤ ኦክስጅን በጎደለው ውኃ ውስጥ የሚታፈን ዓሣ አያድንም፤ በቫይረስ ለሚመጣ በሽታ መድኃኒት አይሆንም፤ ደካማ ዘር አያጠነክርም። ኩሬው ከተስተካከለ፣ ውኃው ከተለዋወጠ፣ ጫጩቱ ከተመረጠ፣ መኖው በደንብ ከተሠራ በኋላ የሚጨመር የመጨረሻ ጥንቃቄ ነው። እዚያ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ዋጋው ይታያል፤ ቦታውን ሲለቅ ስም ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በነቀምቴ፣ በሻምቡ፣ በጊምቢ ወይም በባኮ መንገድ ዳር የዓሣ መኖ ለሚያዘጋጅ ሰው አንድ ነገር እመኛለሁ፤ ከረጢቱ ላይ የባክቴሪያውን ዝርያ፣ መኖው ሲደርቅ የተቆጠረውን ቁጥር፣ የተሠራበትን ቀንና የሚጸናበትን ጊዜ እንዲጽፍ። ከወለሉ ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከዝናብና ከፀሐይ ርቆ የተቀመጠ፣ በወራት ሳይሆን በሳምንታት የሚያልቅ ትንሽ ክምችት ይኑረው። ቁጥሩ የወረደበትን ከረጢት ለመሸጥ እምቢ ይበል። አርቢው የሚከፍለው ለዱቄቱ ስም ሳይሆን ለዚህ ጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄውም ዋጋ ሊከፈልበት ይገባል።